ጭሳምና ጭስ አልባ የስኮትላንድ ሲንግል ሞልትን ጎን ለጎን መቅመስ፦ የአሠራር መመሪያ

ጭሳሙን ላጋቩሊን 16ን ጭስ አልባ ከሆነው ከግሌንፊዲች 12 ጎን አስቀምጦ የቀመሰ ሰው (ቁጥሩ የውስኪው ዕድሜ በዓመት ነው)፣ እንደሚለያዩ ለማወቅ መመሪያ አያስፈልገውም። የሚቸግረው ልዩነቱ ከምን እንደመጣ መለየት ነው። የሁለቱ ፋብሪካ፣ ዕድሜ፣ ያረፉበት በርሜል፣ የአልኮል መጠን፣ እንደ አረቄ በእንፋሎት የወጡበት የመዳብ ጋን ቅርጽ ሁሉ ይለያያል፤ ጭሱ ከእነዚህ መካከል አንዱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ንጽጽር «ይኼኛው ይጨሳል፣ ያኛው አይጨስም» ከማለት አያልፍም። ጭሱ በገብሱ፣ በፍራፍሬው መዓዛና በበርሜሉ ጣዕም ላይ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ የፈለገ ሰው፣ ሌላውን ሁሉ በተቻለ መጠን እኩል አድርጎ ጭሱ ብቻ እንዲለያይ ማድረግ አለበት። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ጭሱ ከየት ይመጣል

ሲንግል ሞልት ከገብስ ብቅል ብቻ፣ በአንድ ፋብሪካ፣ በመዳብ ጋን በየዙሩ የወጣ ውስኪ ነው። በ2009 የወጣው የብሪታንያ ደንብ ስኮትላንድ ውስጥ ኦክ ከተባለ እንጨት በተሠራ በርሜል ቢያንስ 3 ዓመት እንዲያርፍና ሲታሸግ የአልኮል መጠኑ ከ40 በመቶ እንዳያንስ ያዛል። ከውሃና ቀለሙን ከሚያጠቁር ካራሜል በቀር ምንም አይጨመርበትም። ስለዚህ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ጭስ ከውጭ የተጨመረ ቅመም ሊሆን አይችልም። የሚመጣው ከብቅሉ ነው።

የበቀለው ገብስ ቡቃያው እንዲቆም መድረቅ አለበት። በሞቃት አየር ብቻ ከደረቀ ጭስ አልባ ይሆናል። ከሥሩ ፒት ከነደደ ደግሞ ጭሱ ቅርፊቱ ላይ ይጣበቃል። ፒት ረግረግ መሬት ውስጥ ሣርና ቁጥቋጦ በደንብ ሳይበሰብስ ለሺህ ዓመታት ተከማችቶ የሚገኝ ጥቁር አፈር ነው፤ እየተቆረጠ ይደርቅና እንደ ኩበት ይነዳል። ጭሱን የሚይዘው ብቅሉ ገና እርጥብ ሳለ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ብዙ ቢታጠንም ያን ያህል አይዝም። በካምብልታውን የሚገኘው የስፕሪንግባንክ ፋብሪካ ይህን በግልጽ ያሳያል። ለሄዝልበርን ብቅሉ 30 ሰዓት ያህል በሞቃት አየር ብቻ ይደርቃል፤ ለስፕሪንግባንክ መጀመሪያ 6 ሰዓት በፒት ጭስ፣ ከዚያ 30 ሰዓት በአየር፤ ለሎንግሮ እስከ 48 ሰዓት በጭስ። ከአንድ ግቢ ሦስት የተለያየ ውስኪ ይወጣል።

ጭሱ ይዞ የሚመጣቸው ውሁዶች ፌኖሎች ይባላሉ። ጓያኮል የማገዶ ጭስ ይሸታል፤ ክሬሶል ወደ ሬንጅና ወደ መድኃኒት ያደላል፤ ራሱ ፌኖል የተባለው የሆስፒታል ኮሪደር ያስታውሳል። መጠናቸው በፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን ስንት እጅ እንደሆነ ይለካል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ፒፒኤም የሚለካው ብቅሉ ላይ ነው፤ የጠርሙሱ አይደለም። ብቅሉ ሲፈጭ፣ ሲፈላ፣ በጋን ሲወጣና በርሜል ውስጥ ሲያርፍ ብዙው ፌኖል በየደረጃው ይቀራል። ውስኪው ከጋኑ ሲወጣ ፌኖሎቹ የሚበዙት ወደ መጨረሻው ስለሆነ፣ የጋኑ ጠባቂ የሚወጣውን መቀበል ዘግይቶ ካቆመ ጭሱ ይበዛል፤ ቀደም ብሎ ካቆመ ይሳሳል። በርሜል ውስጥ በቆየ ቁጥርም ጭሱ እየለዘበ ይሄዳል። ስለዚህ 40 ፒፒኤም ከ35 የበለጠ ይጨሳል ብሎ በቁጥር ብቻ መፍረድ አያዋጣም።

ጥንዱን መምረጥ

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው ከሁሉ የሚመቸው በአይላ ደሴት ያለው የብሩክላዲ ፋብሪካ ጥንድ ነው፦ ክላሲክ ላዲ ጭስ አልባ፣ ፖርት ሻርሎት 10 ደግሞ 40 ፒፒኤም ብቅል የተሠራበት። ጋኑ አንድ፣ የአልኮል መጠናቸውም እኩል 50 በመቶ ነው። በርሜሎቻቸው ሙሉ በሙሉ አንድ አይደሉም፤ ፖርት ሻርሎት ወይን በነበረበት የፈረንሳይ በርሜል ያረፈ ውስኪም አለበት። ቢሆንም ገበያ ላይ ከሚገኙት ጥንዶች ለፍርድ የሚመች ነው።

ሁለተኛው ምርጫ በመል ደሴት የሚገኘው የቶበርሞሪ ፋብሪካ ነው። ቶበርሞሪ 12 ጭስ አልባ፣ ሌዳይግ 10 ጭሳም፤ ሁለቱም 46.3 በመቶ። የሁለት ዓመት ልዩነት አላቸው፤ ያን ማወቅ ይበቃል። ሦስተኛው ስፔይሳይድ ከተባለው የስኮትላንድ አካባቢ የሚመጣው ቤንሪያክ ነው፦ ኦሪጅናል ቴን 43 በመቶ፣ ስሞኪ ቴን 46 በመቶ። እዚህ አልኮሉ እኩል ስላልሆነ ከመጀመሩ በፊት በውሃ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ስሌቱ ከታች አለ። ገንዘብ ያለውና ጠርሙሶቹን ያገኘ ሰው ሄዝልበርን 10፣ ስፕሪንግባንክ 10 እና ሎንግሮን በአንድ ቢያሰልፍ ሦስት ደረጃ ያለው ንጽጽር ያገኛል። ሁሉም 46 በመቶ ናቸው። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ ሄዝልበርን ሦስት ጊዜ፣ ሎንግሮ ሁለት ጊዜ በጋን የወጡ ስለሆነ፣ ሄዝልበርን ላይ የሚሰማው ቅለት ሁሉ ከጭስ ማነስ የመጣ አይደለም።

በአካባቢ ስም መግዛት አይበጅም። «አይላ ማለት ጭስ ነው» የሚለው አነጋገር የቡናሃቨን 12ን ጠርሙስ ሲከፍቱ ይፈርሳል፤ ከአይላ ነው፣ ጭስ ግን የለውም ማለት ይቻላል። ከስፔይሳይድም ቤንሪያክን የመሰለ ጭሳም አለ። መለያው ላይ ፒትድ ወይም ስሞኪ የሚል ቃል ከሌለ የፋብሪካውን መግለጫ ያንብቡ። ዋጋው የከበደው ሰው ከጓደኞቹ ጋር ተዋጥቶ አንድ ጥንድ መግዛት ወይም ባለ 50 ሚሊ ሊትር ትናንሽ ጠርሙሶችን መፈለግ ይችላል፤ አንድ ባለ 50 ሚሊ ለአንድ ሰው ከበቂ በላይ ነው።

ጥቁር ሌብል የለመደ አንባቢ ጭስን ከዜሮ አይጀምርም። ጆኒ ዎከር ጥቁር ሌብል የብዙ ፋብሪካዎች ውስኪ የተቀላቀለበት ውህድ ውስኪ ነው፤ መጨረሻው ላይ የሚሰማው ስስ ጭስ እንደ ኩል ኢላ ካሉ የአይላ ሞልቶች የሚመጣ ነው። ውህድ ስለሆነ ግን ለዚህ ሥራ መነጻጸሪያ አይሆንም።

ዕቃና መጠን

ለአንድ ሰው አምስት አንድ ዓይነት ብርጭቆ ያዘጋጁ። ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ትንሽ ብርጭቆ መሆን አለበት፤ ግሌንኬርን የተባለው ለዚሁ የተሠራ ነው፣ ካልተገኘ ትንሽ የወይን ብርጭቆ ይሠራል። አፉ የሰፋ የተለመደው የውስኪ ብርጭቆ መዓዛውን ስለሚበትን አይሆንም። ብርሌ ሆዱ ጥሩ ነበር፤ አንገቱ ግን ረዝሞ ስለሚጠብ አፍንጫ አያስጠጋም።

ከመድኃኒት ቤት ባለ 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይግዙ፤ መርፌው አያስፈልግም። ውስኪውንም ውሃውንም የሚለኩት በእርሱ ነው። የስኒ ሳህኖች ለመክደኛ፣ ቁጥር ለመጻፍ የወረቀት ፕላስተር፣ ለመትፊያ አንድ ኩባያ፣ እርሳስና ወረቀት ይኑር። እስክሪብቶ አንዳንዱ ይሸታል፤ ማርከር ደግሞ ጨርሶ አይቅረብ።

ውሃው ማዕድኑ ያነሰና ጋዝ የሌለው የታሸገ ይሁን። የቧንቧ ውሃ አይጠቀሙ። ክሎሪን ያለበት ውሃ ራሱ የመድኃኒት ሽታ አለው፤ ጭሳም ውስኪ ውስጥ የሚፈለገው አንዱ ሽታ ደግሞ የመድኃኒት ስለሆነ ጭስ አልባውን ያሳስታል፣ ጭሳሙን ያጋንናል። በዚሁ ምክንያት ብርጭቆን በበረኪና ማጠብ አይገባም። በሙቅ ውሃ አለቅልቀው፣ አፉን ደፍተው ሳይሆን ቀና አድርገው ያድርቁት፤ ቁም ሳጥን ውስጥ የከረመ ብርጭቆ የእንጨት ሽታ ይይዛል። ከመቅዳትዎ በፊት ባዶውን ብርጭቆ ያሽቱ። ማንኛውንም ነገር ከሸተተ እንደገና ይታጠብ።

መጠኑ፦ ለግልጽ ንጽጽሩ ከእያንዳንዱ 20 ሚሊ ሊትር፣ በኋላ ለሚመጣው የድብቅ ፈተና በሦስት ብርጭቆ 10፣ 10 ሚሊ ሊትር። ሁሉም 50 በመቶ ቢሆንና ሁሉም ቢዋጥ 35 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ነው፤ ይህ ደግሞ ከአንድ ሊትር ባለ 3.5 በመቶ ቢራ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ መትፋት ያስፈልጋል፤ ጣዕሙን ለማወቅ መዋጥ ያለበት የመጨረሻው ጉንጭ ብቻ ነው። ከጨረሱ በኋላ መኪና አይነዳም።

ክፍሉና ሰዓቱ

ቡና በሚቆላበት፣ እጣን በሚጨስበት ወይም ከሰል በነደደበት ቤት ይህ ሥራ አይሞከርም። ጭስ ፍለጋ ጭስ ውስጥ ተቀምጦ አይሆንም፤ ከተጨሰም መስኮት ተከፍቶ ጥቂት ሰዓት ማለፍ አለበት። ሽቶ፣ የሚሸት የእጅ ቅባትና ሲጋራም እንዲሁ። በርበሬ፣ ሚጥሚጣ ወይም ነጭ ሽንኩርት ከበዛበት ምግብ በኋላ ሁለት ሰዓት ይጠብቁ፤ በርበሬ ያቃጠለውን ምላስ አልኮሉ እጥፍ ያቃጥለዋል፣ ሰውየውም «ጭሱ ነው» ይላል። የጥርስ ሳሙናም አንድ ሰዓት ይቅደም። ጉንፋን የያዘው ሰው ለሌላ ቀን ያሳድር።

ሙቀቱ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም በቆላ ቤቱ ከ28 ዲግሪ በላይ ከሆነ አልኮሉ ቀድሞ ወደ አፍንጫ ይወጣና ሌላውን ይሸፍናል፤ ያን ጊዜ የተዘጉትን ጠርሙሶች ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ማቆም ይበቃል። በረዶ ግን ክልክል ነው። ቅዝቃዜ የፍራፍሬውን መዓዛ ያስቀራል፣ ጭሱንና መራራነቱን ብቻ ያስቀድማል።

አልኮሉን ማስተካከል

የውስኪውን መጠን በአሁኑ የአልኮል በመቶኛ ያባዙ፣ በሚፈልጉት በመቶኛ ያካፍሉ፣ ከውጤቱ የመጀመሪያውን መጠን ይቀንሱ። የሚቀረው የሚጨመረው ውሃ ነው። ለምሳሌ 20 ሚሊ ስሞኪ ቴን ከ46 ወደ 43 ለማውረድ፦ 20 በ46 ተባዝቶ በ43 ሲካፈል 21.4፤ ስለዚህ 1.4 ሚሊ ሊትር ውሃ። 20 ሚሊ ከ50 ወደ 40 በመቶ ለማውረድ 5 ሚሊ፣ ከ46.3 ወደ 40 ለማውረድ 3.2 ሚሊ ያህል። ውሃው ከገባ በኋላ ብርጭቆውን ሸፍነው 5 ደቂቃ ያቆዩት፤ ወዲያው የሸተተ ሰው ሽታው ገና ሲናወጥ ያገኘዋል።

ይህን ማስተካከል የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ ብዙውን ውጤት የሚያበላሸውም ይኸው ነው። ሦስት በመቶ የአልኮል ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ግን ከበድ ያለው ሁልጊዜ «ደፋር» ሆኖ ይታያል፣ ደፋርነቱም በጭሱ ስም ይመዘገባል።

መጀመሪያ በዓይን፣ ባጭሩ

ቀለሙን ይመልከቱ፣ ይጻፉ፣ ይተዉት። ካራሜል የተፈቀደ ስለሆነ ጥቁረት ስለ ዕድሜም ስለ ጭስም አይመሰክርም። ፒት ውስኪን አያጠቁርም፤ በጣም ጭሳም ሆነው ቀለማቸው የነጣ ብዙ ናቸው።

ማሽተት

ከሥራው ሁሉ ረጅሙ ይህ ነው። ሁለቱንም ቀድተው ከሸፈኑ በኋላ 10 ደቂቃ ያቆዩ። ጭስ አልባውን ይጀምሩ። ሁልጊዜ። ጭሱ ከቀደመ አፍንጫ ውስጥ ስለሚቆይ፣ ቀጥሎ የሚሸተተው ጭስ አልባ ወይ የሌለበት ጭስ ይመጣበታል፣ ወይ ከልክ በላይ ጣፋጭ ይመስላል።

ብርጭቆውን አገጭዎ ጋ ይያዙት፣ ከንፈርዎን ትንሽ ከፈት ያድርጉ፣ አጭር አጭር ሽታ ይሳቡ። አፍንጫን ብርጭቆ ውስጥ መክተት አልኮሉን ብቻ ያስገባል፤ አንዴ ካቃጠለ ለጥቂት ደቂቃ ምንም አይሰማም። እንደ ወይን እያሽከረከሩ ማናወጥም አያስፈልግም። ቀስ በቀስ ወደ ከንፈር፣ ከዚያ ወደ አፍንጫ ያስጠጉት፤ በግራና በቀኝ ቀዳዳ እየለዋወጡ ይሞክሩ።

ጭስ አልባው ላይ በቅድሚያ ገብሱን ይፈልጉ። የበሶ ወይም ትኩስ የገብስ ቆሎ ሽታ ካለ ያ ከብቅሉ ነው። ከዚያ ፍራፍሬ፦ ፖም፣ ሙዝ፣ የሎሚ ልጣጭ። እነዚህ በአብዛኛው ከመፍላቱ የመጡ ናቸው። ቫኒላና ኮኮናት ቦርቦን የተባለው የአሜሪካ ውስኪ ከነበረበት የአሜሪካ ኦክ በርሜል፤ ዘቢብና ቴምር ሼሪ የተባለው የስፔን ወይን ከነበረበት በርሜል ይመጣሉ። ቅርንፉድም ከኦክ እንጨቱ ነው። የሰሙትን ብቻ ይጻፉ፤ ያልሰሙትን ከመለያው ላይ አይበደሩ።

ከዚያ ክንድዎ ላይ ያለውን የራስዎን ቆዳ ያሽቱ፣ ሁለት ጉንጭ ውሃ ይጠጡ፣ ሁለት ደቂቃ ይረፉ። የቡና ፍሬ ማሽተት አፍንጫን ያድሳል የሚሉ አሉ፤ የተቆላ ቡና ራሱ ጓያኮል ስላለበት ለዚህ ንጽጽር ጨርሶ አይሆንም።

አሁን ጭሳሙን ያንሡ። መጀመሪያ የሚመጣው ጭሱ ነው፤ «ጭስ» ብሎ ጽፎ ማለፍ ግን የንጽጽሩን ግማሽ መጣል ነው። ምን ዓይነት ጭስ? በወይራ የታጠነ የወተት ዕቃ የመሰለ ንጹሕ የእንጨት ጭስ ነው? ሬንጅና ትኩስ አስፋልት? ዴቶል፣ አዮዲንና የቁስል ፕላስተር? ውሃ የተደፋበት ፍምና አመድ? ወይስ ጭስ የጠጣ ቋንጣ? ላፍሮይግ 10 የመድኃኒቱ ወገን ዋነኛ ምሳሌ ነው። ሃይላንድ ፓርክ የሚጠቀምበት የኦርክኒ ደሴት ፒት ዛፍ ከሌለበት፣ ሄዘር የተባለው ባለ አበባ ቁጥቋጦ ከበዛበት መሬት የተቆረጠ ስለሆነ ጭሱ ለስላሳና ወደ ማር የሚያደላ ነው። ጭስ ከየትኛው ዕፅዋት እንደነደደ ይለያያል፤ ማገዶ ለይቶ የሚያውቅ አፍንጫ ይህን ለማስተዋል አይቸገርም።

ቀጥሎ የሚመጣው በዚህ መመሪያ ውስጥ ከሁሉ የሚጠቅመው ዘዴ ነው። ጭሳሙን ሳያወርዱ ከ30 እስከ 40 ሰከንድ ያህል ደጋግመው ያሽቱት። አፍንጫ የበረታበትን ሽታ ቶሎ ይላመዳል፤ ጭሱ እየሳሳ ሲሄድ ከሥሩ ያለው ይወጣል። ያን ጊዜ ጭስ አልባው ላይ ያገኙትን ገብስ፣ ሎሚ፣ ቫኒላ ይፈልጉ። ከተገኘ የፋብሪካውን የራሱን ጠባይ አገኙት ማለት ነው። ያልተገኘው ደግሞ ጭሱ የሸፈነው ወይም የለወጠው ነው። ለምሳሌ ብሩክላዲ ላይ ያለው የገብስ ጣፋጭነት ፖርት ሻርሎት ላይም ይገኛል፤ የአበባው መዓዛ ግን በአብዛኛው ይጠፋል። ንጽጽሩ መጻፍ ያለበት በዚህ መልክ ነው፦ ምን ቀረ፣ ምን ጠፋ፣ ምን ተጨመረ።

መቅመስ

የመጀመሪያው ጉንጭ ለማለማመድ ብቻ ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ጭስ አልባ ውስኪ አፍ ውስጥ አዙረው ይትፉ፤ አይፍረዱበት። ሁለተኛውን ተመሳሳይ መጠን 10 ሰከንድ ያህል በምላስ ላይና ከምላስ ሥር ያቆዩት። አካሉን ያስተውሉ፦ እንደ ውሃ ቀጭን ነው ወይስ ቅባት ያለው ይመስላል? ጣፋጭነቱ መጀመሪያ ላይ ነው ወይስ መሀል? ከዚያ አፍዎን ዘግተው በአፍንጫ ያስተንፍሱ፤ ጭስ ምላስ ላይ ሳይሆን በዚያ ትንፋሽ ውስጥ ይገኛል። ይህን የማያደርግ ሰው ጭሱን እንደ መራራነት ብቻ ያውቀዋል።

ከተፉ ወይም ከዋጡ በኋላ ሰዓት ይያዙ። አፍ ውስጥ የሚቀረው ጣዕም በ30 ሰከንድ፣ በ1 ደቂቃና በ3 ደቂቃ ምን እንደሆነ ይጻፉ። ጭስ አልባው ብዙ ጊዜ በኦክ ድርቀትና በቅመም ያልቃል። ጭሳሙ ጣፋጩ ካለቀ በኋላም አመዱና ሬንጁ ይቆያሉ። ወደ ሌላ ብርጭቆ ለመሄድ ይህ እስኪሳሳ፣ ቢያንስ 5 ደቂቃ ይጠብቁ። ምንም ያልተጨመረበት ነጭ ዳቦና ውሃ አፍ ያጸዳል። አይብ፣ ኦቾሎኒና ቆሎ ለጨዋታ ጥሩ ናቸው፤ ለንጽጽር ግን ጣዕም ይተዋሉ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ጭስ አልባው ላይ ስስ የሆነ የጭስ ወይም የከሰል ጣዕም ቢያገኙ አይደንግጡ። የቦርቦን በርሜል ውስጡ በእሳት የተለበለበ ነው፤ ጓያኮልና የቅርንፉድ ሽታ ያለው ውሁድ ከተቃጠለው ኦክም ይወጣል። ይህ ጭስ ወደ ተጠበሰ እንጨትና ቫኒላ ያደላል፤ የመድኃኒት ወይም የሬንጅ ሽታ አይኖረውም። ልዩነቱን የሚያስተምረው ሁለቱን ጎን ለጎን መቅመስ ነው።

ውሃ መጨመር

አሁን ሁለቱንም በእኩል ስሌት ወደ 40 በመቶ፣ ከዚያ ከፈለጉ ወደ 30 በመቶ ያውርዱ። ብርጭቆ ውስጥ የቀረውን በሲሪንጅ ለክተው ያስሉ፤ በዓይን ግምት አይጨምሩ። በ2017 ቢዮርን ካርልሶንና ራን ፍሪድማን የተባሉ የስዊድን ሊኔየስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኮምፒዩተር ስሌት እንዳሳዩት፣ አልኮሉ 45 በመቶና ከዚያ በታች ሲሆን ጓያኮል ወደ ፈሳሹ ገጽ ይወጣል፤ ከ59 በመቶ በላይ ሲሆን አልኮሉ ከቦ ወደ ውስጥ ይይዘዋል። ብርጭቆ ላይ የሚታየውም ይኸው ነው፦ ብርቱ ጭሳም ውስኪ ጥቂት ውሃ ሲያገኝ የበለጠ ይጨሳል። ጭስ አልባው በዚያው ውሃ ፍራፍሬው ይከፈታል፤ ሲበዛ ግን ጣዕሙ ቶሎ ይሳሳል። የትኛው ቀድሞ እንደሚሰበር መመዝገብ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። በአብዛኛው ጭሳሙ ውሃ ይችላል።

ውሃ ሲገባ ውስኪው ቢደፈርስ አልተበላሸም። በቅዝቃዜ ያልተጣራ ውስኪ ከ46 በመቶ ሲወርድ በውስጡ ያሉት የቅባት ውሁዶች መታየት ይጀምራሉ። የሚፈለገው አካል የሚመጣው ከእነርሱ ነው።

የድብቅ ፈተናው

እስካሁን ያገኙት ሁሉ ስሙን እያወቁ ነው፤ ስም ደግሞ አፍንጫን ይመራል። ሌላ ሰው በሌላ ክፍል ሆኖ በሦስት ብርጭቆ ይቅዳልዎ፦ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ፤ መቀመጫቸው ላይ ቁጥር በፕላስተር ይለጠፍ። ልዩውን ያውጡ። ጭሳሙ ልዩው ከሆነ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ሁለቱ ጭሳም ሆነው ጭስ አልባው መሀል ሲገባ ነው፤ የቀደመው ጭስ ስለሚከተለው ሦስቱም ጭሳም ሊመስሉ ይችላሉ። በዚህ ፈተና ላይ በየብርጭቆው መካከል ሦስት ደቂቃ ካላረፉ ውጤቱ ዋጋ የለውም።

ይህን የለመደ ሰው አንድ እርከን ይውጣ፦ ኩል ኢላ 12ን ከላጋቩሊን 16 ጋር። ሁለቱም 43 በመቶ ናቸው፤ ብቅላቸውም እዚያው አይላ ላይ ካለው የፖርት ኤለን ብቅል ፋብሪካ፣ ወደ 35 ፒፒኤም ገደማ የሚደርስ ነው። ጭሳቸው ግን አንድ አይደለም። ኩል ኢላ ንጹሕ፣ ቀለል ያለና ወደ ሎሚ የሚያደላ፤ ላጋቩሊን ከባድ፣ ቅባት ያለውና ጣፋጭ። ልዩነቱ በጋኑ ቅርጽ፣ በአወጣጡ ፍጥነት፣ በበርሜሉና በዕድሜው ነው። ይህን ጥንድ የቀመሰ ሰው ከዚያ በኋላ ጠርሙስን በፒፒኤም ብቻ አይመርጥም።

ወረቀቱ

ለእያንዳንዱ ብርጭቆ ስድስት ነገር ከ0 እስከ 5 ይስጡ፦ ገብስ፣ ፍራፍሬ፣ የበርሜል ጣፋጭነት፣ የእንጨት ጭስ፣ የመድኃኒትና የሬንጅ ሽታ፣ የመጨረሻው ርዝመት። «ደስ አለኝ» የሚለው ከእነዚህ ጋር አይቀላቀል፤ ለብቻው ከታች ይጻፍ። ሥራው በአንድ ማታ አይደምደም። በሌላ ቀን ያንኑ ጥንድ፣ ያለፈውን ወረቀት ሳያዩ ይድገሙትና ቁጥሮቹን ያስተያዩ። በሁለቱም ቀን ተመሳሳይ የሆነው ከውስኪው ነው፤ የተለያየው ከእርስዎ ወይም ከክፍሉ ነው።

የጠጡባቸውን ብርጭቆዎች ወዲያው አያጥቡ። ቁጥራቸው ሳይነሣ ያድሩና ጠዋት ደረቅ ሳሉ ይሽተቱ። አልኮሉና ቀላሉ ፍራፍሬ ተኖ አልቋል፤ የቀረው ከባዱ ፌኖልና ከበርሜሉ የመጣው ነው። ማታ «ጭስ ይሁን ኦክ» ብለው የተጠራጠሩበትን እዚህ ያለ ችግር ይለዩታል።

የተከፈተው ጠርሙስ

ከሲሶ በታች የቀረ ጠርሙስ ውስጥ ብዙ አየር ስለሚገባ ጣዕሙ በወራት ውስጥ ይለዝባል፤ ጭሱም ስለታም ጠርዙን ያጣል። ለወደፊት ንጽጽር የሚፈልጉትን ገና በከፈቱበት ቀን 100 ሚሊ ሊትር በሚይዙ ንጹሕ የመስታወት ጠርሙሶች እስከ አፋቸው ሞልተው፣ ስምና ቀን ጽፈው ያስቀምጡ። የጥንዱ ሁለቱም ጠርሙሶች በአንድ ቀን ይከፈቱ፤ አንዱ ትላንት፣ ሌላው ከዓመት በፊት የተከፈተ ከሆነ ንጽጽሩ የጭስ መሆኑ ቀርቶ የአየር ይሆናል። ጠርሙሶቹን ከፀሐይ ይከልሉ፤ እንደ ወይን አያስተኟቸው፣ ቀጥ ብለው ይቁሙ። ብርቱ አልኮል ቡሹን ይበላዋል፤ የተበላ ቡሽ ሽታ ደግሞ ወደ ውስኪው ይገባል።